የድሮ ስቲከር ከመኪና በር ላይ ቀለሙን ሳይጎዳ እንዴት ይነሳል?

ባለ ቪትዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች ቪትዝ ገዝቻለሁ፣ የ2003 ስሪት፣ ብርማ። የቀድሞ ባለቤቷ የጥሪ ታክሲ ይሠራባት ነበር። በሮቿ ላይ የድርጅቱ ስምና ስልክ ቁጥር በትልቁ ተለጥፏል። መንገድ ዳር ስቆም ሰው በር ከፍቶ ይገባና "ቦሌ መድኃኔዓለም" ይለኛል። ትናንት አንዲት እናት ፌስታላቸውን ሁሉ አስገብተው ተመቻችተው ተቀመጡ። አደረስኳቸው፣ ምን ይደረጋል።

ስቲከሩን ፀሐይ ጨርሶታል። ጫፉን በጥፍሬ ስነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰባበራል፣ ሙጫው እዚያው ይቀራል። ጎረቤቴ በቲነር ጥረጊው ይላል፤ ወንድሜ ምላጭ ይላል። ሁለቱንም ፈራሁ። የኋላው መስታወት ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ጥቅስ አለ፤ እሱም ይነሳልኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ዲኤክስ፦
የእናትየዋን ሂሳብ ተቀበልሽ ወይስ በነፃ ነው? 😄 እኔ የመኪናዬን ሙጫ በነጭ ጋዝ ነው ያስለቀቅኩት። ጨርቅ ነክረሽ ላዩ ላይ ትንሽ አቆዪው፣ ከዚያ ጥረጊው። ይሸታል፣ ግን ርካሽ ነው።

ቀለም ቀቢው፦
እህቴ፣ ቲነሩን ለጊዜው አስቀምጪው። መጀመሪያ መኪናዋ በፋብሪካ ቀለሟ ናት ወይስ ተቀብታለች? ታክሲ የነበረች መኪና ቢያንስ አንድ በሯ ሳይቀባ አይቀርም። በሩን ክፈቺና የበሩን ዙሪያ ጎማ ጠርዝና የማጠፊያውን አካባቢ እዪ። ጎማው ላይ የቀለም ብናኝ ካለ ተቀብቷል። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ሙቀት የደረቀ ነው፤ ቲነር ለአፍታ ቢነካው ይችለዋል። ሠፈር ጋራዥ የተቀባው ግን ሊሟሟ ይችላል። ሙጫውን ልታስለቅቂ ገብተሽ ቀለሙን ይዘሽ ትወጫለሽ።

ለስቲከሩ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ስቲከር ሲያረጅ የሚያለሰልሰው ነገር ከውስጡ ያልቃል፤ ለዚህ ነው የሚሰባበረው። ሲሞቅ መለስ ይላል፣ ሙጫውም ይላላል። የፀጉር ፎን ይበቃሻል። በሩን እጠቢና አድርቂ። ከአንድ ፊደል ጥግ ጀምረሽ ፎኑን ወዲያ ወዲህ እያልሽ አሙቂ። መዳፍሽን ስታሳርፊበት ሞቅ ብሎ የሚያስቀምጥ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እጅሽን ካስነሳሽ አልፏል። ጫፉን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ አንሺው። አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ራስሽ አትጎትቺ። ስቲከሩን ወደ ኋላ አጥፈሽ፣ ወደ በሩ አስጠግተሽ፣ ቀስ እያልሽ ሳቢው። ወደ ውጪ ከጎተትሽው ጋራዥ የተቀባ ቀለም አብሮ ሊላጥ ይችላል። ሲበጠስ እንደገና ማሞቅ ነው። ለዚህ ሥራ ችኩል ረዳት አልልክም።

ምላጭ በር ላይ? በፍጹም።

ነጭ ጋዙ ትክክል ነው፤ ግን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪው። ቅባት ስለሚተው በኋላ በሳሙና ውሃ እጠቢው። ፎኑ ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎ ይራቅ። ጋዝና ፎን አንድ ላይ አይሆኑም።

መስታወቱ ላይ ከውስጥ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ጉሙን የሚያጠፉት ናቸው። ምላጭ አንዱን ከቆረጠው ያ መስመር ሥራ አቆመ ማለት ነው። አሙቂው፣ በሳሙና ውሃ አርጥቢው፣ ካርዱን በመስመሮቹ አቅጣጫ ወደ ጎን ግፊው። አቋርጠሽ አትፋቂ።

ባለ ቪትዟ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንዱን በር ጨረስኩ፣ ሙጫውም ለቀቀ። ግን ስሙ አሁንም ይነበባል! ስቲከር የለም፣ ፊደሉ አለ።

ቀለም ቀቢው፦
ቀለሙ አልተጎዳም፣ አትደንግጪ። ፊደሉ ሥር የነበረው ቀለም ፀሐይ አላየም፤ የደበዘዘው ዙሪያው ነው። ስለዚህ የምትሠሪው ዙሪያውን ነው። ለስላሳ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የመኪና ቀለም ማሻ ቅባት፣ ግዢና በንጹሕ ጨርቅ በእጅሽ እሺው። ማሽን አትከራዪ፣ ያልለመደ እጅ ያቃጥለዋል። ጨርቁ ላይ የመኪናዋ ቀለም ከመጣ ግን አቁሚ፤ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ የለም ወይም አልቋል ማለት ነው። ብርማ በመሆኗ ዕድለኛ ነሽ፤ ቀይ ብትሆን ልዩነቱ ከሩቅ ይጮህ ነበር። መጨረሻ ላይ ሰም ቀቢበት። በሚቀጥለው በር ፎኑን ትንሽ አርቀሽ ያዢው፣ ፕላስቲኩ መያዣ አጠገብ በተለይ።