ሻይ ሲፈላ መብራት የሚጠፋበት ቤት

«ጡረታ ስንወጣ ለንደንን ትተን ስፔን ብንገባስ?» የምትሉ ወገኖች በዝታችኋል። እኔ ስፔን ኖሬ አላውቅም። ግን ለንደን ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ግድግዳ የተጋራኋቸው እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በኦክቶበር 2021 ቤታቸውን ሸጠው፣ ጠቅልለው ገብተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ያየሁትንና ከአፋቸው የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከቤት ደላላ ማስታወቂያ ሳይሻል አይቀርም።

መጀመሪያ የሄድኩት በጃንዋሪ 2023 ነው። ስፔን ሲባል ፀሐይ ብቻ ነበር የታየኝ፤ ስስ ጃኬት ይዤ ወረድኩ። ለካ የሚኖሩት ባሕሩ ዳር አይደለም። ከተማዋ ፒኖሶ ትባላለች። ከባሕር ዳሯ ከተማ ከአሊካንቴ ወደ ውስጥ፣ ወደ ደጋው ትወጣላችሁ። በእብነ በረድና በወይን የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ማታ ቤት ውስጥ ያለው ብርድ ከውጪው ይብሳል። ወለሉ ሸክላ ነው። ግድግዳው የተሠራው የበጋን ሙቀት እንዲመልስ እንጂ ክረምትን እንዲችል አይደለም። ጋቢዬን ለንደን ትቼ መምጣቴ ቆጨኝ። ሚስትየው የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ወደ እኔ አዞሩልኝና «ቆይ፣ ሻይ ላፍላልሽ» ብለው ማንቆርቆሪያውን ጫኑት። ወዲያው ቤቱ ድርግም አለ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ መቼም ታውቃላችሁ። ወደ መስኮቱ ሄጄ የጎረቤት መብራት መኖሩን አየሁ። የአዲስ አበባ ልጅ መጀመሪያ የሚያጣራው «የሰፈሩ ነው ወይስ የእኛ ብቻ?» የሚለውን ነው። የጎረቤት በርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፔን ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎዋት እንደምትጠቀሙ አስቀድማችሁ ትዋዋላላችሁ፤ ከፍጆታችሁ ሌላ ለዚያም በየወሩ ትከፍላላችሁ። የእነሱ ውል ያኔ 3.45 ኪሎዋት ነበር። ከለንደን በፎጣ ጠቅልለው ያመጡት ማንቆርቆሪያ ብቻውን ወደ 3 ኪሎዋት ይበላል። ማሞቂያ ከተጨመረበት ቆጣሪው ይጥላል። እንግሊዛዊ እንግዲህ በቀን ስንት ጊዜ ሻይ እንደሚጠጣ ቁጠሩት! ከዓመት በላይ እንዲህ ኖረዋል። ከፍ ያለ ውል መጠየቅ እንደሚቻል የነገራቸው የለም። ደውለው እንዳይጠይቁ ቋንቋው አልነበራቸውም። መላቸው ሚስትየው ከወጥ ቤት «ማሞቂያውን አጥፋው!» ብለው መጮህ ነበር።

ወደ ኋላ ልመለስና ኤርፖርት የተቀበሉኝ እነሱ ብቻ አልነበሩም። መኪናውን የሚነዳው ስፔናዊ ጎረቤታቸው ነው። አርባ አምስት ዓመት የነዱት ባልየው ከጎኑ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ሳይቋጭ ቀርቶ፣ ከሜይ 2022 ጀምሮ በስፔን ነዋሪ የሆኑ እንግሊዛውያን በአገራቸው መንጃ ፈቃድ መንዳት አይችሉም ተባለ። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በማርች 2023 ነው። አሥር ወር ተኩል! ዳቦ ለመግዛት መኪና በሚያስፈልግበት ገጠር ቤት ለገዛ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። አንዳንዶች ተስፋ ቆርጠው እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መንጃ ትምህርት ቤት ተመዘገቡ።

እሳቸው መንገዱን ሙሉ ሲያማርሩ እኔ ዝም አልኩ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ነድቼ ለንደን ስገባ፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ አያገለግልም ተብዬ ከዜሮ ስፈተን «ሕግ ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል» ያሉኝ እሳቸው ነበሩ። አላነሳሁባቸውም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ራሳቸው ዞር ብለው «ያኔ ምን ብዬሽ ነበር?» አሉኝ። ረስቼዋለሁ አልኳቸው። አልረሳሁም።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። እስከ 2020 መጨረሻ እንግሊዛዊ ሻንጣውን ይዞ ገብቶ መመዝገብ ይችል ነበር። አሁን የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘ ሁሉ፣ እኔንና ብዙዎቻችሁን ጨምሮ፣ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ለመኖር ቪዛ ያስፈልጋል። እነሱ ያወጡት ሥራ ለማይሠራ ሰው የሚሰጠውን ነው። መለኪያው ኢፕሬም የሚሉት የገቢ መነሻ ነው። ለዋናው አመልካች የእሱን አራት እጥፍ፣ ለትዳር ጓደኛ አንድ እጥፍ ማሳየት አለባችሁ። ከ2023 ወዲህ ኢፕሬሙ በወር 600 ዩሮ ስለሆነ ለባልና ሚስት በወር 3,000 ዩሮ ይመጣል ማለት ነው። የሁለት ሰው የመንግሥት ጡረታ ተደምሮም አይደርስም። እነሱን ያዳናቸው የቤት ሽያጩ ነው። በኪራይ የምንኖር ሰዎች ይህችን ቁጥር ከቪላው ፎቶ በፊት እንያት።

ለሕክምና ግን መልካም ዜና አለ። የመንግሥት ጡረታ የጀመረ ሰው ኤስ ዋን የሚባለውን ፎርም ከእንግሊዝ አውጥቶ እዚያ ያስመዘግባል፤ ወጪውን እንግሊዝ ትሸፍናለች። ጡረታውም እንደ አገር ቤቱ በየዓመቱ ያድጋል። አውስትራሊያ ወይም ካናዳ የገባ እንግሊዛዊ ይህን አያገኝም፤ የእሱ በገባበት ዓመት ልክ ቆሞ ይቀራል።

የቀረው ለእኛ አዲስ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ እንደ ቀበሌ አድራሻ ማስመዝገብ። ባንክ ሄዶ ክፍያ መክፈል። ፖሊስ ጣቢያ የአሻራ ቀጠሮ መያዝ። የአድራሻ ማረጋገጫው ሦስት ወር ካለፈው «አርጅቷል» ተብሎ እንደገና ይባላል። ለዚህ ሁሉ ኸስቶር የሚሉት ሰው አለ። ባልየው ምን እንደሆነ ሊያስረዱኝ ሩብ ሰዓት ደከሙ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነው! እኛ አገር በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፋይል ይዞ የሚቆመው ሰው፣ ቢሮና ማኅተም ኖሮት ማለት ነው። ያለ እሱ አትሞክሩት።

በጣም ያሳቀኝ የስም ነገር ነው። ስፔናዊ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት። ፎርሙም ሁለት ሣጥን አለው። እንግሊዛዊ ያለው አንድ ነው። ጸሐፊዋ ባዶ ሣጥን አልወደደችም መሰለኝ፣ የባልየውን የመሃል ስም ወስዳ የቤተሰብ ስም አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ በዚያ ስም ይጠራሉ። በሕይወታቸው ማንም ጠርቷቸው በማያውቅ ስም! መጀመሪያ ቀን ሁለቴ ተጠርተው ሳይሰሙ ተራቸው አለፈ። እኔ ለንደን ከገባሁ ጀምሮ በአባቴ ስም «ሚስ» እየተባልኩ እንደምጠራ ያውቃሉ። ድሮ ለምን እንደማልወደው ብዙ አስረድቻቸው ነበር። አሁን ገባቸው።

ሚስትየው ደግሞ ሌላ ገጠማቸው። ስፔን ውስጥ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ እንደ እኛው ነው። የእሳቸው ፓስፖርት ላይ ያለው የባላቸው ስም ነው። ጸሐፊዋ ሁለቱን ፓስፖርት አየት አየት አድርጋ «ወንድምና እህት ናችሁ?» አለቻቸው። የአርባ ዓመት ትዳር! ከዚያ ፎርሙ የአባት ስም፣ የእናት ስም ይላል። ባልየው ያኔ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ አባታቸው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። «ከሠርጌ ቀን ወዲህ የአባቴን ስም የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ቀልዱ ቀርቶ ነበር።

ኑሮው እንዴት ለመዳቸው ለምትሉ፣ እንዲለምዱ ያደረጋቸው ያው የመንጃ ፈቃዱ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ሦስት ወር የተከራዩት ባሕር ዳር፣ ቶሬቪዬሃ አካባቢ ነበር። እዚያ ከሐኪም ቤት እስከ ፀጉር ቤት በእንግሊዝኛ ይኖራል። ሻይ ቤቱም፣ ጋዜጣውም፣ ጨዋታውም እንግሊዝኛ ነው። ክፉ ነው አልልም። ባሏ የሞተባት የሰባ አምስት ዓመት ሴት እዚያ ብትገባ በሳምንት ውስጥ ጓደኛ ታገኛለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነሱ ግን «ከእንግሊዝ የወጣን አልመስል አለን» ብለው ወደ ደጋው ወጡ። እዚያም በግቢያቸው ተዘግተው ጥቂት ወራት ኖሩ። ጎረቤታቸውን በእጅ ሰላምታ ብቻ ነበር የሚያውቁት።

መኪናዋ ስትቆም ግድ ሆነ። ጎረቤትየው ገበያ ሲሄድ ይወስዳቸው ጀመር። ሲወስዳቸው ደግሞ በቀጥታ አይመለስም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቡና ቤት ጎራ ይላል። እዚያ አገር በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ተሰብስበው ክንድ የሚያክል ዳቦ በሥጋ ወይም በእንቁላል፣ ከወይራ ፍሬና ከለውዝ ጋር ይበላሉ። ወይን አለ፣ መጨረሻ ላይ ሮም ተቃጥሎ የገባበት ቡና አለ። ምሳ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነው፤ እራት ማታ ሦስት ሰዓት። እራታቸውን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በልተው የኖሩት ሰውዬ መጀመሪያ ሆዳቸው ሰዓቱን አጣው።

ቋንቋውንም እዚያ ለቀሙት። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገራቸውም። ፒኖሶዎች እርስ በርስ የሚያወሩት ቫሌንሲያኛ የሚባል የአካባቢውን ቋንቋ ነው። ባልየው የሰሙትን ሁሉ ስፓኒሽ ነው ብለው ያዙ። አሊካንቴ ቢሮ ገብተው «ቦን ዲያ» ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ጸሐፊው በፈገግታ በቫሌንሲያኛ ያጣድፋቸው ገባ። ሚስትየው ኮርስ ገብተው የተማሩት ትክክለኛው ስፓኒሽ ነው። ስለዚህ እቤት ውስጥ በሁለት ቋንቋ ይተራረማሉ።

ሌላው የወረፋ ነገር ነው። እንግሊዛዊ ወረፋ ማለት መስመር ነው ብሎ ያምናል። ፒኖሶ ጤና ጣቢያ መስመር የለም። ትገባላችሁ፣ ለተቀመጠው ሁሉ ደህና አደራችሁ ትላላችሁ፣ ከዚያ «የመጨረሻው ማነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዷ እጇን ታነሳለች። ከእሷ በኋላ ነኝ ብላችሁ የፈለጋችሁበት መቀመጥ ነው። ሚስትየው ሰላም ሳይሉ በሩ ሥር ቀጥ ብለው ቆመው ስንት ቀን እንደታዘቧቸው ሲነግሩኝ ይሸማቀቃሉ።

እኔ የሄድኩት የገና ጾም መጨረሻ ላይ ነበር። ጎረቤትየው በወይን ቅርንጫፍ እሳት የሚበስለውን የጥንቸልና የቀንድ አውጣ ሩዝ ጋበዘን። ጾም ነኝ ብዬ አመለጥኩ። ባልጾምስ ኖሮ ምን እል ነበር! በጃንዋሪ 5 ማታ የሦስቱ ነገሥታት ሰልፍ ወጣን፤ ከጋሪ ላይ ከረሜላ ይበተናል። የስፔን ልጆች ዋናውን ስጦታ የሚያገኙት በማግስቱ ነው። የእኛ ገና ደግሞ ከዚያ በማግስቱ። ሚስትየው የራሳቸውን የዲሴምበሩን ጨምረው ሦስት ገና አከበርን ይላሉ።

ስትሄዱ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ልንገራችሁ። ሻይ። እዚያ የሚሸጠውን አይወዱትም። ቼዳር አይብና ቤከንም ለምነውኝ ነበር፤ ግን ከ2021 ወዲህ ሥጋና የወተት ውጤት ከእንግሊዝ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከአገር ቤት ሽሮና በርበሬ ለማምጣት ሻንጣ ስንመዝን የሚስቁብን ሰዎች አሁን «በማን እንላክ?» ይላሉ።

ሁለተኛ የሄድኩት በ2024 ጸደይ ነው። መንጃ ፈቃዱ ተቀይሯል፣ የመብራት ውሉ ከፍ ብሏል፣ ሻይ ያለ ጩኸት ይፈላል። ደስታ ግን አልነበረም። ከእነሱ ጋር ካርታ የሚጫወት እንግሊዛዊ ሰኞ ሞቶ ረቡዕ ተቀበረ። ለእኛ ይህ ልማድ ነው። እንግሊዝ አገር ግን ቀብር ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ልጁ ትኬት ቆርጦ ሲደርስ አባቱ ግድግዳ ውስጥ በተሠራው መቃብር ገብቶ፣ በሩ ተለስኖ ነበር። ወጪውም ባልታሰበበት ሰዓት መጣ። ስፔናውያኑ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚከፍሉት የቀብር ኢንሹራንስ አላቸው፤ ሰው ሲሞት አስከሬኑን ከማንሳት እስከ አበባው ኩባንያው ይጨርሳል። ሟቹ አልነበረውም።

«ይሄማ እድር ነው» አልኳቸው። ምን እንደሆነ ሳስረዳ ሚስትየው ዝም ብለው ሰሙኝ። ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ ለሦስት ቀን ቤት ሙሉ ሰው መቀመጡን ነገርኳቸው። በማግስቱ ኢንሹራንሱን ገቡ። ማታ ሳህን ስናጥብ ግን ቀስ ብለው «ኩባንያው ሰው ይልካል?» አሉኝ።

ምን ሰው?

«የሚቀመጥ» አሉ።

ከዚያ ለንደን ያለው እድራችን ሌላ አገር የሚኖር፣ አበሻ ያልሆነ ሰው ይቀበል እንደሆነ ጠየቁኝ። ወርሃዊውን በባንክ እንልካለን ይላሉ። ሊቀመንበሩን እጠይቃለሁ ብዬ ነበር፤ አፍሬ እስካሁን አልጠየቅኩም። ደንቡን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በኦክቶበር ሻይ ይዤ እሄዳለሁ።