ለክሮስ ስቲች ልዩ ክር ልትገዙ ነው? ከየትኛው ብትጀምሩ ይሻላል

ክሮስ ስቲች በትንንሽ መስቀለኛ ስፌት የሚሠራ ጥልፍ ነው። ልዩ ክር፣ ማለትም የሚያብለጨልጨውን ወይም ዝንጉርጉሩን፣ ስትገዙ በቀላሉ ከሚጠለፈው ጀምሩ። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ወርቃማው ነው፤ ሰውን የሚያማርረውም እሱው ነው።

መሠረቱ መቼም ተራው የጥጥ ክር ነው። እኔ ዲኤምሲን እመርጣለሁ። የፈረንሳይ ድርጅት ነው፣ 500 ቀለም አለው፣ አብዛኛው ንድፍም በእሱ ቁጥር ይወጣል። አንከር የሚባለው ሌላ ክር ጥራቱም አይታማም። ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። የሁለቱን ቁጥር የሚያዛምደው ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ የሚሰጣችሁ የሚቀርበውን ቀለም እንጂ ያንኑ ቀለም አይደለም። በአንዱ የጀመራችሁትን በዚያው ጨርሱት።

ከልዩዎቹ በመጀመሪያ የምጠቁመው የዲኤምሲን ኤትዋል ነው። ጥጡ ውስጥ ቀጭን የሚያብለጨልጭ ነገር ገብቶበታል። እንደ ተራው ክር ስድስት ነጠላ ሆኖ ይመጣል። ሁለቱን ነጥላችሁ በ14 አይዳ (በአንድ ኢንች 14 ስፌት የሚይዝ የክሮስ ስቲች ጨርቅ) ላይ መጥለፍ ነው፣ አያስቸግርም። ለበረዶ፣ ለኮከብ፣ ለመልአክ ክንፍ ግሩም ነው። ቁጥሩ ፊት "ሲ" አለበት፤ 321 ቀይ ከሆነ ሲ321 የሚያብለጨልጨው ቀይ ነው።

ወደ ወርቅና ብር ስንመጣ የዲኤምሲ ላይት ኢፌክትስ በየቦታው ይገኛል። ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ግን ጫፉ ቶሎ ይፈታል፣ ከመርፌው ያመልጣል፣ ይተበተባል። የዚያው የዲኤምሲ ዲያማንት የሚባለው በ35 ሜትር ጥቅል የሚመጣ ሲሆን ሳይነጠል እንዳለ ይጠለፋል። ከሁለቱ ዲያማንትን ግዙ። ገንዘቡ ካላችሁ ደግሞ የአሜሪካው ክራይኒክ ቁጥር 4 ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) ይበልጣል። በ14 አይዳ ላይ ነጠላው ብቻውን ይሸፍናል።

የትኛውንም ብትገዙ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አትቁረጡ። ጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ይላጫል። መርፌውም አንድ ደረጃ ወፈር ይበል፣ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል፤ በ14 አይዳ ላይ በ24 የምትጠልፉ በ22 ሞክሩ። ከመርፌው እንዳያመልጥ ክሩን አጥፋችሁ የታጠፈውን ጫፍ በመርፌው ቀዳዳ አሳልፉ፤ የወጣውን ቀለበት በመርፌው መውጊያ ጫፍ በኩል አጥልቃችሁ ወደ ቀዳዳው ሳቡት። ይቆለፋል።

ወርቁን ደግሞ አታብዙት። ሙካሽ የተጠለፈበት ካባ የሚያምረው ከሥሩ ያለው ጥቁር ከፋይ ስለሚታይ ነው። መስቀል ስትጠልፉ ውስጡን በተራው ቢጫ ሙሉት፣ ጠርዙን ብቻ በወርቅ።

ዝንጉርጉሩ ክር፣ ማለትም ቀለሙ ራሱ እየተቀያየረ የሚሄደው፣ የእኔ ፍቅር ነው። ዲኤምሲ ሁለት ዓይነት አለው። ከለር ቫርየሽንስ ቀስ ብሎ ይለወጣል፣ ኮሎሪስ ግን ቀለም ከቀለም እየዘለለ ይሄዳል። ለሰማይ፣ ለባሕር፣ ለሣር የመጀመሪያውን ውሰዱ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ለምትጠልፉ ግን ሁለቱንም አልመክርም። የጥለት ውበቱ አንዱ ቀለም ካጠገቡ ካለው ቁርጥ ብሎ መለየቱ ነው፤ ዝንጉርጉሩ ያንን ያደበዝዘዋል።

አጠላለፉም ይለያል። በተራው ክር መስመሩን ሙሉ በግማሽ ሄዳችሁ ስትመለሱ ትዘጉታላችሁ። በዝንጉርጉሩ እያንዳንዷን መስቀለኛ ስፌት እዚያው ጨርሱ፤ አለበለዚያ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ይዘበራረቃል። አንዱን ክር ለሁለት አጥፋችሁ መጀመርም አይሆንም። ሲታጠፍ የአንዱ ጫፍ ቀለም ከሌላው ጫፍ ጋር ይገናኛል። ሁለት ነጠላ ቁረጡ፣ አቅጣጫቸውን ሳትቀይሩ አንድ ላይ አስገቡ።

ሳቲን የሚባለውን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ አትንኩት። እንደ ሐር ያበራል፣ ግን ያዳልጣል። የግድ ካላችሁ በእርጥብ ስፖንጅ ዳሰስ አድርጉት፣ ይገራል።

ገበያ ላይ የዲኤምሲን ቁጥር ለጥፈው የሚሸጡ ርካሽ ክሮችም አሉ። ለልምምድ ይሁን። ለስጦታ የሚሆን ሥራ ላይ ግን ከማዋላችሁ በፊት፣ በተለይ ቀዩንና ጥቁሩን፣ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ቀለሙ ከለቀቀ ይቅርባችሁ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ ስታዝዙ "ወርቃማ ክር" ብላችሁ አትላኩት። ከነፊደሉ ቁጥሩን ጻፉለት፤ ለዲያማንት ለምሳሌ፦ ዲ3852 ጠቆር ያለው ወርቅ፣ ዲ3821 ፈካ ያለው፣ ዲ168 ብሩ። ለአንድ ሥራ የሚበቃችሁን ያህል በአንድ ጊዜ ይግዛላችሁ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር አጠገቡ ሲቀመጥ ያስታውቃል።