ጥቆማ፦ ሁለት ባህል የተገናኘበት ሶፋ

ባዶ ሳሎን፦ ሰላም ወገን። ሶፋ ልገዛ ነው። ከተለያየ ባህል የመጡ ሰዎች አብረው የሠሩት እንዲሆን ፈልጌያለሁ። ዓይኔ ያረፈው ሁለት ላይ ነው፦ ዶሺ ሌቪን የተባሉት ጥንድ ነዳፊዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ለጣሊያኑ የቤት ዕቃ አምራች ለሞሮሶ የነደፉት «ማይ ቢውቲፉል ባክሳይድ» እና ኔዘርላንዳዊቷ ሄላ ዮንገሪየስ በ2005 ለስዊዘርላንዱ አምራች ለቪትራ የሠራችው «ፖልደር»። የተቀመጠበት ሰው አለ?

ቁጭ ብድግ፦ ሞሮሶ። ሌላ አትጠይቅ።

ክር በመርፌ፦ የመጀመሪያው ደስ ይላል። ኒፓ ዶሺ ህንድ ነው ያደገችው፤ ጆናታን ሌቪን ብሪታኒያዊ ነው፤ አምራቹ ጣሊያን። መነሻው ወለል ላይ በትራስ ተከባ የተቀመጠች የህንድ ልዕልት ሥዕል ነው። መደገፊያው ቅርጻቸው የማይመሳሰል ትራሶች የተደረደሩበት የሚመስለው ለዚያ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት የሠሩት «ቻርፖይ» የተባለው የቀን መጋደሚያ አልጋ ይበልጣል። ፍራሹ ህንድ በእጅ ይጠለፋል፣ እንጨቱ ጣሊያን ይሠራል። የሁለቱም እጅ ይታያል።

ተቃጥያለሁ፦ ባህል ባህል አትበሉኝ። የእኔ ሶፋ ከሌላ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። «የሁለት ባህል ውህደት» ብለው ሸጡልኝ። ሦስት ወር ሳይሞላው መሃሉ ሰረጎደ። የጎኑ ስፌት ተተርትሮ ስፖንጁ አግጦ ያየኛል። ስደውል «የእጅ ሥራ ነው፣ ውበቱም እሱ ነው» አሉኝ። ከወለል አይርቅም ደግሞ። እናቴ አንዴ ከተቀመጠች ሁለት ሰው ካልደገፋት አትነሳም።

ቁጭ ብድግ፦ ሞሮሶ ብትገዛ ይሄ አይደርስብህም ነበር።

ተቃጥያለሁ፦ ተቀምጠህበት ታውቃለህ?

ቁጭ ብድግ፦ በፎቶ አይቼዋለሁ። ጥራቱ ያስታውቃል።

ነገረኛው፦ እኔም በፎቶ ተኝቼበታለሁ። ወገቤን ተሻለኝ።

መረቡ፦ የቶርድ ቦንቼን «ሻዶዊ» እዩት። ነዳፊው ኔዘርላንዳዊ፣ ድርጅቱ ጣሊያናዊ። የሚሸመነው ዳካር ነው፣ በዓሣ መረብ ክር።

ክር በመርፌ፦ እሱ የአንድ ሰው ወንበር ነው እኮ! የተጠየቀው ሶፋ።

መረቡ፦ ይሁና። የነዳፊውን ስም ሁሉም ያውቃል። የሸማኔውስ ስም የታለ? ትብብር የምትሉት ነገር እዚያ ጋ ነው የሚለየው።

ነገረኛው፦ ሰውዬው መቀመጫ ነው የጠየቀው፣ ፍርድ ቤት አይደለም።

ስፌት ቤት፦ ተቃጥያለሁ፣ ሶፋውን አትጣለው። ሽፋኑ ዚፕ ካለው አውልቅና ስፖንጁን ብቻ ቀይር። ለመቀመጫ በኪዩቢክ ሜትር 35 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ስጡኝ በል፤ ቀላሉ ቶሎ ይሰምጣል። ለእናትህ እግሩን አስረዝመው። ከወለል እስከ መቀመጫው 45 ሳንቲም ገደማ ቢሆን ለመነሳት ይቀላታል። ባዶ ሳሎን፣ አንተም ከፍታውን አስብበት፤ ፖልደር ዝቅ ያለ ነው። ትራሶቹ መጠናቸውም ቀለማቸውም የተለያየ ነው፤ ስሙም ከባሕር ላይ የተወሰደ የኔዘርላንድ መሬት ማለት ነው። የጨርቁን የማርቲንዴል ቁጥርም ጠይቅ። መፈተግን ምን ያህል እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። ሁልጊዜ ለሚቀመጡበት ከ25,000 በላይ ቢሆን ይሻላል።

ተቃጥያለሁ፦ ዚፕ አለው! ከሥር ተደብቆ! ወንድሜ፣ ተባረክ።

ቁጭ ብድግ፦ የሞሮሶ ዚፕ አይደበቅም።

ነገረኛው፦ ባዶ ሳሎን፣ የቱን ገዛህ በመጨረሻ?

ባዶ ሳሎን፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመሆኑ ምንጣፍ ላይ ጥቆማ ያለው አለ?