ማራቶንና ትራያትሎን በበልግ፦ እንዴት ላስማማቸው?

የደሴው ሯጭ፦ ሰላም ጎበዝ። ሰኔ ላይ ማራቶን ልሮጥ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ሐምሌ ላይ ትራያትሎን እንግባ ብለው አሳመኑኝ፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ብስክሌት፣ 10 ሩጫ። ቅዳሜ ሐይቅ ሄጄ እዋኛለሁ። እሁድ ረጅሙን ሩጫ ስጀምር እግሬ እንጨት ሆኖ ይጠብቀኛል። ባለፈው 30 ልሮጥ ወጥቼ 19ኛው ላይ በባጃጅ ተመለስኩ። በዚያ ላይ የበልጉ ዝናብ! ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ። እግርህን የገደለው ዋናው አይመስለኝም። ብስክሌቱን መቼ ነው የምትነዳው?

የደሴው ሯጭ፦ ዓርብ ከሥራ በኋላ። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ወርጄ እወጣለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ በለው! ከ500 ሜትር በላይ ዳገት ወጥተህ በሁለተኛው ቀን 30 ኪሎ ሜትር? ማራቶኑ እስኪያልፍ ብስክሌቱን ማክሰኞ አድርገው፤ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብለህ። የእሁዱን ሩጫ ግን አትንካው።

የሐይቅ ልጅ፦ ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ብቻህን እንዳትገባ። ጀልባ ያለው ሰው አጠገብህ ይሁን። ከማራቶኑ በኋላ ሁለት ሳምንት በዋና ብቻ ብትቆይ እግርህ ያርፋል። ለዝናቡ ማልደህ ውጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት ነው።

የደሴው ሯጭ፦ ሐረጎን ከተውኩ ጓደኞቼ ፈሪ ይሉኛል። እሺ፣ ይበሉኝ።