የክለብ ምሳ ደሴ ላይ፣ ርዕሱ የነፃ ዓይን ሕክምና፦ ከጭብጨባ ያለፈ እንዲሆን ምን እናዘጋጅ?

ጦሳ_ግርጌ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የበጎ አድራጎት ክለባችን በሚቀጥለው ወር ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል የምሳ ዝግጅት አለው። ከ40 እስከ 45 ሰው ይጠበቃል፣ ከኮምቦልቻም የሚመጡ አሉ። ርዕሱ አቅም ለሌላቸው የሚሰጥ የዓይን ሕክምና ነው። የሚናገረው የዓይን ሐኪም ሲሆን 20 ደቂቃ ተሰጥቶታል።

ሰዓቱንና ምሳውን እንዴት ብናደርግ ይሻላል? ሞራን፣ ማዝንና ግላኮማን ለማያውቅ ሰው በ20 ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል? ደግሞ ከምሳው በኋላ ክለቡ ምን ይያዝ በሚለው ተከፋፍለናል። ግማሹ ያገለገለ መነጽር እናሰባስብ ይላል፣ ግማሹ የ10 ሰው የሞራ ቀዶ ሕክምና እንሸፍን ባይ ነው። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

የቦርከና_ዳር

አብሽር፣ ምሳው ቀላሉ ነው። ቀኑ ላይ ግን አትሳሳቱ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ዓርብ ላይ ጁምዓም አለ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። የሚቀረው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትጋብዟቸው ከበዙ ቅዳሜ አድርጉት።

ሥጋ ካቀረባችሁ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ ይጠይቃል። አስተናጋጁ አንድ ጊዜ ጭልፋ ካቀያየረ ግማሹ እንግዳ እጁን ይሰበስባል፣ ደግሞ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ስለዚህ ቀኑ የፍስክ ቢሆንም የጾም በያይነቱ ይሻላል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሰላጣ። ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ለ45 ሰው ከ110 እስከ 120 እንጀራ እዘዙ። ሥጋ የግድ ነው ካላችሁ ሁለቱን ጠረጴዛ አራርቃችሁ በትልቁ ጻፉበት።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆን፦ 6፡00 ምሳ፣ 6፡45 እጅ መታጠቢያና ለሚሰግዱ የዙህር እረፍት፣ 7፡00 ንግግር፣ 7፡20 ጥያቄ፣ 7፡30 ክለቡ የሚወስነው ነገር፣ 7፡45 ቡና። ቡናው ቀደም ብሎ ይወቀጥ። በንግግሩ መሀል የሙቀጫ ድምፅ ከገባ ተናጋሪው አለቀለት። ውሳኔውን ከቡናው በኋላ ካስቀመጣችሁትም ግማሹ ሰው ሄዷል።

የኮምቦልቻዎቹ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብለው ይዘናጋሉ። መንገዱ የሚያልፍበት ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ከወረደ ወይም ከጭነት መኪና ኋላ ከተሰለፉ ጊዜው እጥፍ ነው። 5፡00 ሰዓት ተነሱ በሏቸው።

ለመብራት መጥፋት የተናጋሪውን ስላይድ በ6 ገጽ አትማችሁ ያዙ። በቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ዓይን ፎቶ ደግሞ ወጡ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ አይታይ።

ብሌን_ነርስ

ይዘቱን በተመለከተ፦ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን ሐኪሙ ለተማሪዎቹ እንደሚያስተምር ካስተማረ አይበቃም። ሦስቱን በሽታዎች በእጅ በሚያዝ ነገር አሳዩ።

ለሞራ፦ ነጭ ፌስታል ሁለት እጥፍ አድርጎ ዓይን ላይ ይዞ የምግብ ዝርዝሩን ለማንበብ መሞከር። ብርሃን ይገባል፣ ፊደል አይለይም። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው እንጂ ከላይ የበቀለ ቆዳ አይደለም። ጠብታ አያጠራውም፣ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

ለግላኮማ፦ ወረቀት ጠቅልሎ በቱቦው ማየት። ፊት ለፊት ያለው ይታያል፣ ጎንና ጎኑ ጠፍቷል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ነው በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና የሚያቆዩት። ሰው ሁሉ «ሞራ ነው፣ ይገፈፍልኛል» ብሎ ሲጠብቅ እይታው የሚያልቅበት በሽታ ይህ ነው።

ለማዝ (ትራኮማ) ማሳያ አያስፈልግም፣ ወሎ ውስጥ ወረንጦ የማያውቅ የለም። በልጅነት የተደጋገመው ኢንፌክሽን የላይኛውን የዓይን ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል፣ ጠባሳው ሲኮማተር ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ የዓይኑን ፊት ይፍቃል። በወረንጦ የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ያድጋል፣ አጭርና ሹል ሆኖ ሲበቅል ደግሞ ይብስ ይወጋል። መፍትሔው ቆቡን ወደ ውጭ የሚያዞር አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። ይህን የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል፣ የግድ ሐኪም አይፈልግም። ክለቦች ሞራ ላይ ብቻ ሲረባረቡ ይህን ይረሱታል።

ቁጥር ከተፈለገ እ.ኤ.አ. በ2005–06 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ይበቃል። የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ ነበር። ከምክንያቶቹ ሞራ 49.9 በመቶ፣ ከትራኮማ የሚመጣ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ። ከዚህ በላይ ቁጥር ምሳ ላይ አይዋጥም። ተናጋሪው «ዕውር» ሳይሆን «ዓይነ ስውር» ይበል። ታካሚ አምጥቶ መድረክ ላይ ማቆምም ይቅር፣ ሰውየው ምሳ ሊበላ ከመጣ እንደ እንግዳ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው ገና ማስታወቂያው ላይ ነው። «ዓይኑን የታመመ ሁሉ ይምጣ» ካላችሁ አለርጂ ያለበት ልጅ፣ የንባብ መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው መምህር፣ ጠባሳ ያለበትና ሞራ ያለበት ሰው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ቀኑ ያልቃል፣ ለቀዶ ሕክምና የሚሆነው ሰው ጀርባው ላይ ፀሐይ መትቶት ይመለሳል። ማስታወቂያው «ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ በ3 ሜትር ርቀት ጣት መቁጠር ያቃተው» ይበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ 3 ሜትር ላይ ቋጠሮ ያለው ገመድ ትያዝና ቤት ለቤት ትለየው። ሁለቱን ዓይን ለየብቻ፣ ሌላውን በመዳፍ ሸፍኖ። በጣት ከተጫኑት ዓይኑ ለጊዜው ስለሚደበዝዝ ቀጥሎ ሲለካ ያሳስታል።

ከዚያ የዓይን ነርስ በባትሪ ታያለች፦

ነጩ ነገር ከብሌኑ ጀርባ ሆኖ በዙሪያው ያለው ቀለም ጥርት ብሎ ከታየ ሞራ ነው። ነጩ ከላይ ሆኖ ቀለሙን ከሸፈነው ጠባሳ ነው፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና አይረዳውም።

ብርሃኑ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ታካሚው መናገር አለበት። ብርሃን ጭራሽ የማያይ ዓይን ቢቀደድም አያይም። ብሌኑ ለብርሃን የማይኮማተር ከሆነም ነርቩ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ስፔሻሊስት ሳያየው አይመዝገብ።

በአፍንጫና በዓይን መሀል ያለውን ጥግ ስትጫን መግል ከወጣ የእንባ ቱቦው ተበክሏል። ያ ሳይታከም ዓይን ከተከፈተ መግሉ ውስጥ ይገባል።

የደም ግፊትና ስኳር እዚያው ይለካ። ይህ ካልተደረገ ታካሚው ከባቲ ወይም ከሐይቅ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ «ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ተመለስ» ይባላል። ያ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፣ ጎረቤቱንም ያስቀራል።

ጊዜው ከጥር እስከ ሚያዝያ ቢሆን ይመረጣል። ረመዳንና ዓቢይ ጾም የሚውሉበትን አይታችሁ ቁረጡ። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ገበሬውም ልጁም ከማሳ አይነሳም።

ሒሳብ_ይውጣለት

«የ10 ሰው ቀዶ ሕክምና እንሸፍን» የሚለው ጥሩ ነው፣ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። በማደንዘዣ መርፌ ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሞራው ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ ብዙውን ጊዜ ስፌትም የለውም። ብሩ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው።

10 ታካሚ ማለት 10 አስታማሚም ማለት ነው፣ 20 ሰው። መምጣት ያለባቸው ሦስት ጊዜ ነው፦ ለቀዶ ሕክምናው (አድረው በማግሥቱ ፋሻው ይፈታል)፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ። 20 ሰው በ3 ጉዞ፣ ደርሶ መልስ፣ 120 ትኬት። ለመጀመሪያው ጉዞ የ20 ሰው ምሳ፣ እራትና ቁርስ፣ 60 ሳህን። የ20 ሰው አንድ ሌሊት አልጋ። እነዚህን የሚሸፍን አካል ብዙ ጊዜ የለም፣ ሌንስና መድኃኒት የሚሰጥ ግን ይገኛል። ክለቡ የቱን ይያዝ ለሚለው መልሴ መንገዱን፣ አዳሩንና ቀጠሮውን ነው። በተለይ ሦስተኛውን ቀጠሮ። ሰው በማግሥቱ ካየ «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል፣ ጠብታውን በሳምንቱ ይተወዋል።

ከሆስፒታሉ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት የምትጠይቁት፦ የሌንሱ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዓይን ተለክቶ ነው የሚገባው ወይስ ለሁሉም አንድ ዓይነት? ተለክቶ ካልሆነ ቀዶ ሕክምናው ሠምሮም ሰውየው አጥርቶ ላያይ ይችላል። ጄኔሬተሩ ስንት ሰከንድ ውስጥ ይነሳል? የማይክሮስኮፑ መለዋወጫ አምፖል አለ? እይታ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እየተለካ ይመዘገባል? የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ ከ100 ታካሚ ቢያንስ 80ው 6/18 (ጤነኛ ዓይን በ18 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት) ወይም የተሻለ እንዲያዩ፣ ከ6/60 በታች የሚቀሩት ከ5 እንዳይበልጡ ነበር። መዝገብ የሌለው ዘመቻ ስንት ሰው እንደቀደደ እንጂ ስንት ሰው እንዳየ አይነግራችሁም።

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ስላለው መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ለዞኑ ጤና መምሪያም በደብዳቤ አሳውቁ።

ምሳው ላይ ጥሬ ብር አትሰብስቡ። በቃል የተገባው በስም፣ በመጠንና በቀን ይመዝገብ፣ ክፍያው በባንክ፣ ወጪው በሦስት ፊርማ፣ ሆስፒታሉ በታካሚ ቁጥር ደረሰኝ ይስጥ። ቃሉን «10,000 ብር» ከማለት «የ2 ታካሚ ሦስት ጉዞ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ገራዶ_በር

ስለ ታሪኩም አንድ ነገር ይባል እንጂ። ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሄለን ኬለር ለሮተሪ ክለቦች ተናግራ አይደል ይህ የዓይን ነገር ወደ ክለቦች የገባው?

ብሌን_ነርስ

ለሮተሪ ሳይሆን ለላየንስ ክለቦች ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1925 ኦሃዮ ውስጥ ሴዳር ፖይንት በተደረገው ጉባኤያቸው ላይ «የዓይነ ስውራን ፈረሰኞች» (ጠበቃዎች ለማለት ነው) እንዲሆኑ ጠየቀቻቸው። ሮተሪ በይበልጥ የሚታወቀው በፖሊዮ ነው። ለአማራ ክልል የቀረበው ታሪክ ደግሞ ላየንስ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ በትራኮማ ላይ የሠራው ነው። ተናጋሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፈው፣ ሰዓቱን ለባትሪውና ለገመዱ ያውለው።

ጦሳ_ግርጌ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። የመንገዱን ሒሳብ ማንም አላነሳልንም ነበር። የመነጽሩ ነገርስ? ደግሞ ታካሚው ቤት ከገባ በኋላ ምን እንዲነገረው እናድርግ?

ሒሳብ_ይውጣለት

ያገለገለ መነጽር አይመከርም። እያንዳንዱን መለካት፣ ማጠብ፣ መለየት አለበት፣ ከዚያም ሁለቱም ዓይኑ ከዚያ ቁጥር ጋር የሚገጥም ሰው መፈለግ ነው። አብዛኛው ተቧጭሮ ወይም ቁጥሩ ሳይገጥም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። በዚያ ጉልበት ቁጥሩ ከ+1.00 እስከ +3.00 የሆነ አዲስ የንባብ መነጽር ግዙ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ልብስ ሰፊ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሞክሮ ይወስደዋል። ከ+1.50 እስከ +2.50 ያለውን አብዙ። የሩቅ እይታው ደካማ የሆነን ሰው ግን ኦፕቶሜትሪስት (የመነጽር ቁጥር የሚለካ ባለሙያ) ይየው።

ብሌን_ነርስ

ቤት ስለሚገባው ታካሚ፦ የመጀመሪያውን ጠብታ አስታማሚው ራሱ ነርሷ ፊት ጠብ ያድርግ። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስቦ፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይኑን ሳይነካ። ማንበብ ለማይችል በወረቀት ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ እኩለ ቀንና ስትጠልቅ የሚያሳይ ሥዕል ይሳልለት። ብልቃጡ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣል፣ ለጎረቤትም አይሰጥ። ውስጡ ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ራሱ ግላኮማ ያመጣል።

ስለ ውዱእ፣ ሱጁድ፣ ስግደትና ጠበል ታካሚው አፍሮ ላይጠይቅ ስለሚችል ሐኪሙ ሳይጠየቅ ይናገር፦ ለስንት ቀን ውኃ ዓይኑ እንዳይገባ፣ ለስንት ቀን ግንባሩን መሬት እንዳያስነካ፣ ተቀምጦ መስገድ ይችል እንደሆነ። ኢማሙና ቄሱ ምሳው ላይ ቢጋበዙ ይህን እነሱ ሲያስተላልፉት ይበልጥ ይሰማል።

ካርዱ ላይ ሦስት ምልክት ብቻ ይጻፍ፦ ሕመም ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ እይታ ከቀነሰ በዚያው ቀን ይምጣ። ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ሰኞ ገበያ ስሄድ አይባልም፣ መግል ከገባ ዓይኑ በሰዓታት ነው የሚበላሸው። ለዚህ የሚሆን የ2 ወይም የ3 ሰው የድንገተኛ መሳፈሪያ ከበጀቱ ለብቻ ተቀንሶ ይቀመጥ።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ «ሞራዬ ተመለሰ» የሚል ከመጣ አትደንግጡ። ሞራ አይመለስም፣ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ነው። በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይከፈታል። የትኛው ሆስፒታል ሌዘሩ እንዳለው ከአሁኑ ጠይቃችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት።