«ሥዕል ይሰገድለታል እንጂ አይጠየቅም» ተባልን

ፈረንጅ አራዳ፦ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው «የጠፋውን ልጅ ታሪክ ለልጆቻችን በፈረንጅ ሥዕል እያስተማሩብን ነው፣ ሥዕል ይሰገድለታል እንጂ አይጠየቅም» ሲሉ ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ሥዕሉ የሆላንዳዊው ሰዓሊ የሬምብራንት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ መጨረሻ የሳለው፣ አሁን ሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ያለው። ልጆቹ የተንበረከከውን ልጅ የተላጨ ራሱን፣ ያለቀ ጫማውን እያዩ ቆዩና አንዷ «ሉቃስ 15 ላይ አባቱ ሮጦ ሄዶ አቀፈው ይላል፣ እዚህ ለምን ቆሟል?» አለች። ይቺ ልጅ ምን አጠፋች? መጽሐፉን አንብባ ነው እኮ!

ሂርማታ፦ አባትየው ልክ ናቸው። የኛ ሥዕል የሚጸለይበት ነው፣ ሥዕለ አድኅኖ ነው የሚባለው። ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ ሲመለስ ተቆጥቶ አልገባም አለ ነው የሚለው፣ ሬምብራንት ግን እዛው አጠገባቸው ገትሮታል። ልጄ ቤት መጥቶ «ወንድሙም ሲታረቁ እያየ ነበር» አለኝ። ይሄን ማን ያርመዋል?

ፈረንጅ አራዳ፦ አንተ ነሃ፣ መጽሐፉን ገልጠህ! ለዛ አይደል የሚታየው?

የቆጪዋ፦ ሂርማታ ወንድሜ «አይጠየቅም» የሚለውን ከየት አመጣችሁት? የኛ ሰዓሊዎች ጻድቁን በሁለት ዓይን ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን የሚስሉት ያልተማረው ሰውም አይቶ እንዲለይ ነው፣ ሕፃን ልጅ ይሁዳ የቱ ነው ሲሉት ወዲያው ይጠቁማል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ሁሉ እያለን ከሆላንድ መጀመሩ ነው።

አጂፕ፦ ፈረንጅ ፈረንጅ አትበሉ በናታችሁ። ጅማ ውስጥ ስንቱ ሳሎን የዳቪንቺ የመጨረሻው እራት ተሰቅሏል፣ አውርዱ ያለ አለ? የማርያም ሥዕላችን ራሱ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ብዙ ወስዷል፣ ኮፒው በኢየሱሳውያን፣ በካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ በኩል ነው የገባው።

ሂርማታ፦ ኢየሱሳውያንን ነው ምስክር የምትጠራብን? በሱስንዮስ ጊዜ ሕዝቡን ያፋጁትን? ፋሲል ያባረራቸው በከንቱ መሰለህ?

አጂፕ፦ ስለ ሥዕል ነው ያወራሁት፣ ወደ ጦርነት አትውሰደኝ።

ቦሳ ኪቶ፦ እኛ ቸርች ለሥዕል አንሰግድም፣ ለልጆች ግን እናሳያለን፣ ጥያቄውም ቃሉን እንዲወዱት ያደርጋል።

ሂርማታ፦ አንተ ደግሞ በሰው ቤት ምን አገባህ?

የቆጪዋ፦ ተው እንጂ፣ ጎረቤታችን ነው፣ በክፉ አልተናገረም።

ፈረንጅ አራዳ፦ የልጅቷን ጥያቄ ግን አንዳችሁም አልነካችሁትም።

ሂርማታ፦ ምን አለው? ሮጦ ደርሶ ካቀፈው በኋላ ያለውን ነው የሳለው፣ አለቀ። ይሄን ለማወቅ ሬምብራንት አያስፈልጋትም። እነዚህ ሥዕሎች እስኪቀሩ ልጄን አልልክም፣ ለቀሲስም እነግራቸዋለሁ።

የቆጪዋ፦ ንገራቸው፣ እኔም እመጣለሁ። ልጁን ግን አታስቀረው።