ደወል ሲመታ ዴስክ ሥር የሚገባ ተማሪ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የ5ኛ ለ መምህርት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። የ5ኛ «ለ» ሆም ሩምም እኔ ነኝ። 64 ልጆች አሉኝ። 11ዱ ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ የሚኖሩት መጠለያ ካምፕ ነው።

የትምህርት ቤታችን ደወል የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥበቃው በብረት ይመቱታል። ከክፍላችን መስኮት አሥር እርምጃ አይርቅም። ታዲያ አንድ ልጅ አለኝ፣ 13 ዓመቱ ነው። ደወሉ በተመታ ቁጥር ዴስክ ሥር ይገባል። መጀመሪያ እርሳስ ወድቆበት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ እርሳሱ እጁ ላይ ነበር። ክፍሉ ይስቃል። እሱ ሲወጣ አያለቅስም፣ አይናደድም። ጉልበቱን አራግፎ ይቀመጣል፣ በቃ። በቀን ዘጠኝ ጊዜ ይደወላል። ቆጥሬዋለሁ።

ሌላው የበሩ ጉዳይ ነው። ጠዋት 2፡00 ሲሆን በሩ ይዘጋል። የዘገየ ልጅ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ እስኪያልቅ ውጭ ይቆማል፤ ከዚያ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ነው የሚገባው። የካምፕ ልጆች ሁሌ ይዘገያሉ። እውነቱን ልናገርና እኔም ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዷን ለብቻዋ ጠየቅኋት። የውሃ ቦቴው ካምፑ ጋ የሚደርሰው 1፡30 ላይ ነው አለችኝ። እናቷ በዚያ ሰዓት የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥታለች። ሁለት ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈው እሷ ናት። ውሃውን አድርሳ፣ ትንሹን ወንድሟን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ሮጣ ስትመጣ በሩ ተዘግቷል። መዳፏን አየሁት። የጀሪካኑ ማንጠልጠያ የሠራው መስመር አለ፣ እንደ ጠባሳ።

ሹራብም አለ። ከተማችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። ልጆቹ የመጡት ከሞቃት አገር ነው። ከዩኒፎርሙ ቀለም የተለየ ሹራብ የለበሰ ግን በር ላይ ያወልቃል። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሙ በሚታወቅ ከተማ ልጅ ጥርሱን እያንገጫገጨ ይማራል!

ርዕሰ መምህሩን አናገርኩ። «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አልቀጠሉም። ካውንስለር የለንም። «ጋይዳንስና ካውንስሊንግ» የተጻፈበት በር አለ፤ ውስጡ የተሰባበረ ዴስክ ተከምሮበታል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልጁን ስለደረሰበት ነገር ልጠይቀው? ወይስ እንዳላየሁ ልሁን? ብጠይቀው ቁስሉን የምነካካበት ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ መሳቁ ይቀጥላል።

ዜሮ ሰባት፦

እኔም መምህር ነኝ፣ 17 ዓመት። ለአንዱ በሩን ከፈትሽ ነገ ስልሳው ይዘገያል፣ እመኚኝ። ችግር የሌለበት ቤት የለም። የኔም ልጅ በባጃጅ ወረፋ ይዘገያል። ደግሞ ደሞዛችን ወር አያደርስ፤ የልጅ ሐኪምም ሁኑ ስንባል አይከብድም?

የ5ኛ ለ መምህርት፦

የደሞዙን ነገር ልክ ነህ። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ይከፈትለት፣ መጀመሪያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ግን ወንድሜ፣ ልጅህ ሲዘገይ ትምህርት ቤቱ ደውሎልህ ያውቃል አይደል? ለነዚህ ማን ይደወላል?

ሶሻል ወርከር ነኝ፦

እህቴ መምህርት፣ ያየሽውን ያየሽበት መንገድ ግማሽ ሥራው ነው። ላሞግስሽ ብዬ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ስዞር ከርሜያለሁ። ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ ስንቱን «ረባሽ» ተብሎ በጥቁር መዝገብ ተጽፎ አገኘሁት!

መጀመሪያ ለጥያቄሽ። አትጠይቂው። ማለቴ «ምን ደረሰብህ? ምን አየህ?» ብለሽ አትጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ነው የሚለው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰው ያለፈበትን እንዲተርክ መገፋት የለበትም። ራሱ ማውራት ከጀመረ ግን ሥራሽን አስቀምጠሽ ስሚው። «አይዞህ፣ እርሳው» አትበዪው። እኛ አገር «እርሳው» የምንለው በፍቅር ነው፤ ልጁ የሚሰማው ግን «ዝም በል» ሆኖ ነው።

ሰውነቱ የሚያደርገውን ግን ማስረዳት ትችያለሽ፤ ለብቻው፣ በአጭሩ። «ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ሰውነትህ ሊጠብቅህ ይሮጣል። እብደት አይደለም፣ ፈሪም አይደለህም።» ለብዙ ልጅ ይህን መስማት ብቻ ትልቅ እረፍት ነው።

ደወሉን በተመለከተ፣ ልጁን የሚያስደነግጠው ድንገቴነቱ ይመስለኛል። ስለዚህ ቀድሞ ይወቅ። ሰዓትሽን እያየሽ «አሁን ሊደወል ነው» በይ፣ ለመላው ክፍል። ለሱ ብቻ ካልሽ መሳቂያ ታደርጊዋለሽ። ከመስኮቱ ራቅ ያለ ቦታም ስጪው። ግን ብቻውን አታዛውሪው፤ የመላውን ክፍል ቦታ ቀይሪ።

ማንበርከኩን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ፊት በልመና አታቅርቢው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ነው። በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆንን መብት ብሎ ያስቀምጠዋል። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ካሉ፣ ይኸውላቸው ሕግ።

የካውንስለሩ ነገር ያንገበግበኛል። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ጊዜ ተዘግቶ እንደገና የተጀመረው በ2004 ነው፣ ያው በፈረንጅ አቆጣጠር። ያን ያህል ዓመት ባለሙያ ያላፈራ አገር ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሶሻል ወርከር ከየት ያመጣል? ይህን ብዬ ግን አልተውሽም። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሳይኮሎጂ ያስተምራል። ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን እንዲመጡላችሁ ጠይቂ። ያ በር ውስጥ ያለው ዴስክ መጀመሪያ ይውጣ እንጂ። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ ወይም ራሱን መጉዳት ካሰበ ግን ጉዳዩ ከመምህር በላይ ነው፤ ሳትውይ ሆስፒታል።

የሸራው ልጅ፦

በ1983 ከእናቴ ጋር ከአስመራ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ አልመጣም። አዲስ አበባ የሸራ ድንኳን ውስጥ ስንት ክረምት እንዳለፈብን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ትምህርት ቤት ስሜ «ተፈናቃይ» ነበር። ልጆቹ አይደሉም ያወጡልኝ። ደብተር ሊታደል ሲል «ተፈናቃዮች ተነሡ!» ይባል ነበር። እንነሣለን። መላው ክፍል ዞሮ ያየናል። ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነበር፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። እስከ ዛሬ ያንን ደብተር ሳይ ጆሮዬ ይግላል። አንድ ጊዜ ሳልነሣ ቀረሁ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ደብተር አምስት ትምህርት ጻፍኩ።

የሳይንስ መምህርታችን ግን ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን የክፍሉን ደብተር ሰብስቤ ስታፍ እንዳደርስላት አዘዘችኝ። ከዚያ ሥራው የኔ ሆኖ ቀረ። ስልሳ ምናምን ደብተር አገጬ ድረስ ከምሬ በግቢው መሃል ሳልፍ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ለምን እኔን እንደመረጠች አላውቅም።

መምህርት፣ ለልጁ ሥራ ስጪው። እንዲያውም ደወሉን ራሱ ይምታው! በእጁ ከሆነ አያስደነግጠውም።

ሶሻል ወርከር ነኝ፦

ወንድሜ፣ ያንተን ሳነብ አለቀስኩ። የደወሉ ሐሳብ ግን ቀስ ይባል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው እሳት ነው። መጀመሪያ ልጁ ይጠየቅ። «አልፈልግም» ካለ ያ መልስ ይከበር።

የ5ኛ ለ መምህርት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥበቃውን አናገርኳቸው። የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ሽማግሌ። ነገሩን ስነግራቸው ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ «እኔም ሌሊት ሌሊት…» ብለው ተዉት። አልጠየቅኳቸውም፣ እዚህ ተምሬያለሁ። አሁን ከመደወላቸው በፊት ወደ መስኮታችን መጥተው መስተዋቱን በጥፍራቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ። ልጁ ዴስኩን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ። ግን ሥሩ አይገባም። ሐሙስ ዕለት እሳቸው አልነበሩም። ሌላ ሰው ድንገት መታው፤ ገባ። የሳቁት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

መደወል ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አልፈልግም። ጠመኔ ላምጣ?» አለኝ። ስለዚህ ጠመኔና ዳስተር የሱ ነው።

ርዕሰ መምህሩን በአንቀጽ 36 ያዝኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ማንበርከኩ ቀርቷል። የካምፕ ልጆችም እስከ 2፡20 እንዲገቡ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረቱ) ተስማማ። ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላውም። በማግሥቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፦ «አርፍደው የሚገቡ የተፈናቃይ ተማሪዎች ስም ዝርዝር»። በትልቅ ፊደል፣ ከነማኅተሙ። 43 ስም። ሁለት የኔ ልጆች ስማቸውን ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። የሸራው ልጅ፣ ደብተርህ ትዝ አለኝ።

ወረቀቱን ቀደድኩት። አሁን «ማኅተም ያለበት ሰነድ ቀዳለች» ተብዬ በጽሑፍ መልስ ስጪ ተብያለሁ፤ እስከ ሰኞ። ዝርዝሩ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ቢሆን ይበቃ ነበር ብዬ ልጽፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የጻፈ ሰው ካለ አጀማመሩን ይንገረኝ፣ ሁሌ መግቢያው ላይ ነው የሚጠፋኝ።

ሹራቡ ግን አሁንም እንደተከለከለ ነው። ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር።

ዜሮ ሰባት፦

«ጉዳዩ፦ የተጠየቅሁትን መልስ ስለመስጠት ይሆናል» ብለሽ ጀምሪ። ረቂቁን እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን። ሹራቡንም እዚያው ላይ ጨምሪበት፣ መዝገብ ቤት እስከሄደ ድረስ።